«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ በራችንን አንኳኩ። «ልጄ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሞተብኝ» አሉኝ። በስልክ ያማከሩት ጠጋኝ ዕቃውን ሳያየው «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ገንዘብ ያዘጋጁ» ብሏቸዋል። ሄጄ ሳየው የቁልፎቹ ሰሌዳ መብራት አለው፣ ቁጥሩም ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ከማብሪያ ማጥፊያው በቀር ግን የትኛውንም ቁልፍ ቢጫኑት አይሰማም። ጎንበስ ብዬ ሳስተውል ጥጉ ላይ የጓጉንቸር ምስል ያላት ትንሽ መብራት በርታለች። ለካ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ሲጫወትበት ውሏል። ያው የጓጉንቸር ምስል የተሣለባቸውን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኜ ስይዛቸው ማሽኑ «ጢጥ» አለና መብራቷ ጠፋች። «በቃ?» አሉኝ እማማ። በቃ።

ሰሌዳ ሲያስቸግር የብዙዎቻችን ልብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ክፉው ነው። ሰሌዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጋሪ ነው። መብራቱ ሲያንስ፣ ውኃው ሲዘገይ፣ በሩ ሳይገጥም ሲቀር፣ ልብሱ ወደ አንድ ጎን ሲከመር ማሽኑ የሚናገርበት ሌላ አፍ ስለሌለው ጥፋቱ ሁሉ እዚያ ላይ ይታያል። ስለዚህ ፍተሻውን ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምሩና ወደሚያስወጣው ይሂዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ደኅናውን ቦርድ አስወጥቶ ሌላ ይገዛል፤ ማሽኑ ግን ያው ሆኖ ይጠብቀዋል።

ከዚህ በታች ያለው ለአውቶማቲክ ማሽኖች ነው። ሁለት በርሜል ያላቸውና እንደ ሰዓት በሚጠመዘዝ ማዞሪያ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስለሌላቸው ጣጣቸው ሌላ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ለራስዎ ይጠንቀቁ

ማሽኑ ውኃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን የሚያድሩበት ዕቃ ነው። እጅዎ ደረቅ፣ እግርዎ ጫማ ያደረገ ይሁን። ወለሉ ላይ ውኃ ፈስሶ ከሆነ ወደ ማሽኑ ከመጠጋትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ። ሶኬቱን ሲነቅሉም ገመዱን አይጎትቱ፤ ጭንቅላቱን ይዘው ይንቀሉ።

ከሚከተሉት ሦስት ምልክቶች አንዱን ካዩ ፍተሻውን እዚያው ያቁሙና ባለሙያ ይጥሩ፦

- የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም ጭስ ካለ፣
- የማሽኑ ብረት ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፣
- ብሬከሩን በመለሱት ቁጥር ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ።

አንደኛ፦ ሕመሙን ለይተው ይወቁ

«አይሠራም» ማለት ለጠጋኝም ለራስዎም የሚነግረው ነገር የለም። ከማሽኑ ፊት ቆመው የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

- ሰሌዳው ፈጽሞ ጨለማ ነው። ነገሩ ከመብራት፣ ከሶኬት፣ ከገመድ ወይም ከቦርዱ ፊውዝ ይሆናል።
- ይበራል፣ ነገር ግን ቁልፎቹ አይታዘዙም። የሕፃናት መቆለፊያውን፣ የተጣበቀ ቁልፍን ወይም እርጥበትን ይጠርጥሩ።
- ይበራል፣ ይታዘዛል፣ ግን አይጀምርም። ወደ በሩ፣ ወደ ውኃው ወይም ወደ ቀጠሮው ይሂዱ።
- ፊደልና ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። ማሽኑ ራሱ ሕመሙን እየተናገረ ስለሆነ ኮዱን ያንብቡ።
- ይርገበገባል፣ ቁጥሮቹ ግማሽ ግማሽ ይታያሉ ወይም በራሱ ይጠፋል። ከተዋዠቀ መብራት፣ ከላላ ሽቦ ወይም በእርግጥ ከቦርዱ ሊሆን ይችላል።

ያዩትን በስልክዎ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይያዙት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮዱ ሊሰወር ይችላል፤ ፎቶው ግን ይቀራል።

ሁለተኛ፦ መብራቱን ይመርምሩ

ብዙ ሰው ሶኬት የሚፈትሸው በስልክ ቻርጀር ነው። ቻርጀር ግን ለዚህ ምስክርነት አይበቃም፤ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ሁሉ ስለሚሠሩ መብራቱ በጣም ወርዶም «አለሁ» ይላሉ። ይልቅ ካውያ ሰክተው ይሞክሩ። ካውያው እንደወትሮው ቶሎ ካልጋለ ወይም በሰኩት ጊዜ የክፍሉ አምፖል ከደበዘዘ ችግሩ ከማሽኑ ውጭ ነው። የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ስታቢላይዘርዎ ቮልት የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩን አይተው ይመዝግቡ።

ቀጥሎ ዲቫይደሩን ያስወግዱ። ማሽኑ ውኃ በሚያሞቅበት ሰዓት ወደ 2000 ዋት የሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ነው። ለቴሌቪዥንና ለቻርጀር ተብሎ የተገዛ ቀጭን ዲቫይደር ይህን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ውስጡ ይላላል፣ መብራቱ ይቆራረጣል፣ ሰሌዳውም ይርገበገባል። አንድ ዙር ካጠቡ በኋላ የሶኬቱን ጭንቅላት ዳሰስ ያድርጉት። ከጋለ ወይም ቀዳዳው ዙሪያ ከጠቆረ ሶኬቱን ያስለውጡ። ማሽኑ ኧርዝ ባለው የግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ መሰካት አለበት፤ የኧርዙን መስመር የሚያስቀር አስማሚ አይጠቀሙ።

ስታቢላይዘር ካለዎት አቅሙን ያንብቡ። ለቴሌቪዥን የተሠራ 500 ዋት ስታቢላይዘር ላይ የልብስ ማሽን ሲሰካ ውሎ አድሮ መሣሪያውንም ማሽኑንም ይጎዳል። ለማረጋገጥ ስታቢላይዘሩን ለጊዜው አልፈው በቀጥታ ከግድግዳ ይሞክሩ፤ ይህን ግን መብራቱ በተረጋጋ ሰዓት ብቻ ያድርጉት።

ማሽኑ ከውጭ የመጣ ከሆነ በሩን ከፍተው የክፈፉን ጠርዝ ወይም ጀርባውን ይመልከቱ፤ ቮልቱና ኸርዙ የተጻፈበት ትንሽ መለያ አለ። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣ ዕቃ በአብዛኛው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ በቀጥታ ከተሰካ ቦርዱ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። የሳዑዲም መስመር 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፣ ኸርዙን ግን አይለውጠውም። በመሆኑም ለ60 ኸርዝ የተሠራ የማፍሰሻ ፓምፕ እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ማሽኑ «ውኃ አልወጣልኝም» ብሎ ሊያማርር ይችላል።

ሦስተኛ፦ ያሳርፉት

በኤሌክትሮኒክስ ቋንቋ ዳግም ማስነሣት ይባላል፤ በእኛ ቤት ቋንቋ ማሳረፍ ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የቦርዱ አእምሮ ግራ ሊጋባ ይችላል።

1. ማሽኑን በማጥፊያው ያጥፉና ሶኬቱን ከግድግዳ ይንቀሉ።
2. ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ።
3. 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ ነቅሎ ወዲያው መልሶ መሰካት ጥቅም የማይሰጠው ለዚህ ነው።
4. መብራቱ ከመጣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ መሆኑን አረጋግጠው መልሰው ይሰኩ።
5. በርሜሉን ባዶ አድርገው፣ ሳሙና ሳይጨምሩ፣ አጭሩን ፕሮግራም ያስጀምሩ።

ባዶውን ከሠራ ቦርዱ አልሞተም። ችግሩ ተመልሶ ከመጣ ግን በየቀኑ እየነቀሉ መሰካቱ መድኃኒት ስለማይሆን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

አራተኛ፦ መቆለፊያውን፣ ቀጠሮውንና በሩን ይዩ

የሕፃናት መቆለፊያው የእማማን ማሽን ያሠረው ነው። ምልክቱ ጓጉንቸር፣ የመክፈቻ ምስል ወይም ፈገግ ያለ የሕፃን ፊት ሊሆን ይችላል። በኤልጂ ማሽኖች ላይ ስክሪኑ «ሲኤል» የሚሉ ሁለት ፊደሎችን ያሳያል። ምስሉ የተሣለባቸውን አንድ ወይም ሁለት ቁልፎች ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ይፈታዋል።

ቀጠሮ ደግሞ ማሽኑ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ወይም እንዲጨርስ የሚታዘዝበት ቁልፍ ነው። ሳይታወቅ ከተነካ ስክሪኑ 3 ወይም 8 ሰዓት ያሳይና ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ማሽኑን አጥፍተው ቢያበሩትና ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ቢመርጡ ቀጠሮው ይሰረዛል።

በሩን ሲዘጉ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰሙ። ካልሰሙ የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ካልሲ ወይም የነጠላ ጫፍ ገብቶ እንደሆነ ይፈልጉ። እጥበቱ አልቆ በሩ ካልተከፈተ አይታገሉት፤ በብዙ ማሽኖች የበሩ መቆለፊያ በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያች ደቂቃ በጉልበት የተሳበ እጀታ ይሰበራል፤ ቀላሉ ነገር ጥገና የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

አምስተኛ፦ ኮዱን አንብበው ወደተጠቆመው ቦታ ይሂዱ

ኮዶቹ በአምራቹ ይለያያሉ፤ የመጨረሻው ዳኛ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ነው። እዚህ ፊደሎቹን በአማርኛ አነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በእነዚህ ስክሪኖች ላይ 5 ቁጥር የ«ኤስ» ፊደልን፣ ትንሹ «ቢ» ደግሞ 6 ቁጥርን ይመስላል። ለጠጋኝ በቃል ከመንገር ፎቶ መላክ የሚሻለው ለዚህ ነው።

- ውኃ አልገባም፦ በኤልጂ «አይኢ»፣ በሳምሰንግ «4ሲ» ወይም በቀድሞዎቹ «4ኢ»፣ በቦሽ «ኢ17»።
- ውኃ አልወጣም፦ በኤልጂ «ኦኢ»፣ በሳምሰንግ «5ሲ» ወይም «5ኢ»፣ በቦሽ «ኢ18»።
- በሩ አልተዘጋም፦ በኤልጂ «ዲኢ»፣ በሳምሰንግ «ዲሲ» ወይም «ዲኢ»።
- ልብሱ አልተመጣጠነም፦ በኤልጂ «ዩኢ»፣ በሳምሰንግ «ዩቢ» ወይም «ዩኢ»።
- መብራቱ ከመጠን በላይ ወይም በታች ሆነ፦ በሳምሰንግ «9ሲ1» ወይም «9ኢ1»።
- እጥበቱ መሐል መብራት ሄዶ ነበር፦ በኤልጂ «ፒኤፍ»።
- አንድ ቁልፍ ተጣብቋል፦ በሳምሰንግ «ቢሲ2» ወይም «ቢኢ2»።
- ቦርዶቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፦ በሳምሰንግ «ኤሲ» ወይም «ኤኢ»።

እንግዲህ ይቁጠሩ፤ ከስምንቱ ወደ ሰሌዳው ቤት የሚያስገቡት የመጨረሻዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

የውኃውን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የብዙ አምራቾች መመሪያ ማሽኑ ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት እንዲያገኝ ይጠይቃል። የውኃ ግፊት በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሚጨምር ከሮቶ ብቻ የሚቀዳ ማሽን ሮቶው በላዩ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሊቀመጥለት ይገባል ማለት ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ፣ ማሽኑ እዚያው ከጣሪያው ሥር ባለው ፎቅ ከሆነ ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሜትር ነው። ባልዲ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ማሽኑ ግን የተሰጠው ደቂቃ አልቆበት ኮድ ያወጣል። እዚህ ላይ ቦርድ መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው። የሚረዳው ማሽኑን ወደ ታችኛው ፎቅ ማውረድ ወይም ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገጠም ነው።

ከዚያም በፊት ግን የማስገቢያውን ወንፊት ያጽዱ። ቧንቧውን ይዝጉ፣ ከማሽኑ ጀርባ የታሰረውን ጎማ ይፍቱ፤ መግቢያው ላይ ጣት የምታክል ወንፊት አለች። በጫፏ በፒንሳ ሳብ አድርገው በጥርስ ብሩሽ ይጠቡዋት። ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው አሸዋና ዝገት እዚያ ይከማቻል።

ውኃ አልወጣም ካለ ደግሞ ከፊት ለፊት ከታች ያለችውን ትንሽ በር ይክፈቱ። ትሪና ጨርቅ ያንጥፉ፣ ውኃው ሙቅ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ፊልተሩን ቀስ እያሉ ያላሉት። ሳንቲም፣ የፀጉር ሲባጎ፣ የጥለት ክር፣ የሕፃን ካልሲ ያገኛሉ። የማፍሰሻው ጎማ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንዳልታጠፈም ይዩ።

ስድስተኛ፦ ሰሌዳውን ራሱን ይመርምሩ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደኅና ከሆነ አሁን ሰሌዳው ራሱ ተራው ነው። ሶኬቱን ነቅለው እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ በቀስታ ይጫኑ፤ ጆሮዎን ያስጠጉ። ጤነኛ ቁልፍ ሲገባ «ቀጭ» ይላል፣ ሲለቁትም ይመለሳል። በእነዚያ መሐል አንዱ ድምፅ ከሌለው፣ እንደ ሊጥ ለስልሶ ከገባ ወይም ገብቶ ከቀረ በሽተኛው ተገኘ። በዙሪያው ብዙ ጊዜ የነጣ ነገር ይታያል፤ የደረቀ ሳሙና ነው።

ሳሙናው የሚመጣው ከጎኑ ካለው መሳቢያ ነው። ፈሳሽ ሳሙና ስንቀዳ ይንጠባጠባል፤ እርጥብ እጃችንንም ይዘን ቁልፍ እንጫናለን። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ስበው፣ ውስጡ ያለችውን መጫኛ ተጭነው ያውጡትና ይጠቡት። ሰሌዳውን በደንብ በተጨመቀ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ውኃ ወይም ማጽጃ በቀጥታ አይርጩበት፤ በረኪና አያስነኩት፤ በመርፌም አይቆርቁሩ። ማሽኑ ሻወር ቤት ውስጥ ካለና ችግሩ የሚብሰው ሰው ከታጠበ በኋላ ከሆነ የእንፋሎቱ እርጥበት ነው። ሶኬቱን ነቅለው፣ መስኮት ከፍተው፣ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቅ። በፀጉር ማድረቂያ ለማፋጠን አይሞክሩ፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያጣምማል።

ከዚህ ወዲያ ክዳን መክፈት ነው። ዋስትናው ያላለቀ ማሽን ከሆነ አይንኩት፤ በራስዎ እጅ መክፈት ዋስትናውን ሊያሳጣዎት ይችላል። ዋስትናው ካለቀና ብሎን መፍታት የሚደፍሩ ከሆነ፣ ሶኬቱን ነቅለው ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ የላይኛውን ክዳን ከኋላ ያሠሩትን ብሎኖች ፈተው ወደ ኋላ ይግፉት። የሚያዩት በዓይን ብቻ ነው፦ የአይጥ ኩስ፣ የተበላ ሽቦ፣ በረሮ፣ አረንጓዴ ዝገት፣ የጠቆረ ቦታ። አይጥ ሽቦ እንደምትበላ ለማንም የሚነገር አይደለም፤ ማሽኑ ጀርባ ደግሞ ሞቃትና ጨለማ ነው። የተበላ ሽቦ ካገኙ ፎቶ አንስተው ለባለሙያ ይተዉት። ዋናውን ቦርድ በጣት አይንኩ። 220 ቮልቱ ቦርዱ ላይ ተጣርቶ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲሆን ከ300 ቮልት ያልፋል፤ ካፓሲተሩ ያንን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ጠጋኝ ሲጠሩ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መጠርጠር ግን መጣላት አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ለሚከተሉት አይከፋም።

- አስቀድመው የማሽኑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ የኮዱን ፎቶና እስካሁን የሞከሩትን ይላኩለት።
- የሶኬቱን ቮልት በፊትዎ በመለኪያ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።
- «ቦርዱ ተቃጥሏል» ካለዎት የተቃጠለውን ቦታ ያሳይዎ። በብዙ ቦርዶች መግቢያ ላይ ቫሪስተር የሚባል ሳንቲም የመሰለ ክብ ነገር አለ፤ ከፍተኛ መብራት ሲመጣ እርሱ ተሰውቶ ፊውዙን ያቃጥላል። ጉዳቱ እዚያ ላይ ከቆመ ሁለቱን መለወጥ ይበቃል፤ ቦርዱን በሙሉ መግዛት አያስፈልግም።
- መለወጡ የማይቀር ከሆነ አዲሱ ቦርድ ከእርስዎ ሞዴል ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ቅርጹ አንድ ሆኖ ፕሮግራሙ የተለየ ቦርድ ማሽኑን አያንቀሳቅስም።
- አሮጌውን ቦርድ ይረከቡ። ዋጋውንና የዋስትናውን ጊዜ በጽሑፍ ይያዙ።
- ሲጨርስ ባዶውን ሳይሆን ልብስ ጨምረው አንድ ሙሉ ዙር ያስጀምሩ።

እንዳይደገም

ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ሶኬቱ ተነቅሎ ይደር። እጥበት መሐል መብራት ከሄደ ወዲያው ይንቀሉት፤ ጉዳቱ የሚበዛው መብራቱ ሲመለስ ነው። በሩንና መሳቢያውን ገርበብ አድርገው ይተዉ። ለእጅ እጥበት የተሠራ ዱቄት ሳሙና አረፋው ስለሚበዛ ለማሽን የተባለውን፣ በልኩ ይጠቀሙ።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይበሉ። ማሽንዎ ዛሬ ደኅና ሳለ በሩን ይክፈቱና የሞዴሉን ቁጥር፣ ቮልቱንና ኸርዙን ፎቶ ያንሱት፤ መመሪያውንም ከተሸጎጠበት ካርቶን አውጥተው ማሽኑ አጠገብ ያስቀምጡት። እማማ መመሪያቸውን ያገኙት ከሳምንት በኋላ ከቁም ሳጥናቸው ጀርባ ነበር፤ ስለ ጓጉንቸሯ መብራት የሚናገረው ገጽ ገና አልተገለጠም ነበር።